ቄስ ሆኖ የማይጫወተው ተዋናይ

አለኸኝ ኪዳነ ማርያም መድረክ ላይ ያልሆነው ነገር የለም። ዳኛ ሆኗል፣ ሌባ ሆኗል፣ የተፈረደበትን ሌባ የሚያስመልጥ የወህኒ ዘበኛም ሆኗል። ደላላ፣ ጡረታ የወጣ የመቶ አለቃ፣ ሚስቱን የሚፈራ ባለ ሆቴል፣ የአውቶቡስ ረዳት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ተዋናይቷ ስለ ቀረች ቀሚስ ለብሶ የሠርግ ወጥ ሠሪ ሆኖ ወጥቶ ሰዉን በሳቅ ገድሎታል። ቄስ ብቻ ሆኖ አያውቅም ነበር። የቄስ ገጸ ባሕርይ ያለበት ጽሑፍ ሲመጣለት ይሄ ለእኔ አይሆንም ብሎ ይመልሳል፤ ለምን ሲሉት ጥምጣም አያምርብኝም ይላል። አዲስ አበባ ያሉት አዘጋጆች ነገሩ አይገባቸውም። የቄስ ልጅ ነው፣ ዳዊት የደገመ ነው፣ ድቁና ተቀብሎ የቀደሰ ነው፣ ድምፁም ለዜማ የተፈጠረ ነው፤ ታዲያ ቄስ መሆን እንዴት ያቅተዋል? አንዱማ ኩራት ነው ብሎ አስወርቶበታል። ምን ኩራት አለ፤ ሰውየው ፈርቶ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ገና መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ነው። አባቱ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው የማርያም ደብር ይቀድሳሉ። ልጃቸው ጠዋት የቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት የመንግሥት ተማሪ ነበር፤ ከሁለቱም ይልቅ ግን የተዋጣለት የሰው ኮራጅ ነበር። የገበያውን ደላላ፣ የሒሳብ መምህሩን፣ የጤና ጣቢያውን ነርስ አረማመዳቸውን ሳይቀር አውጥቶ ይጫወታቸዋል። ለወላጆች በዓል የመጀመሪያ ቴአትሩን ጻፈ። ተዝካር ላይ የሚጸልይ አንድ ቄስ ነው፤ የወጡ ድስት ወደ እሱ ሲጠጋ ጸሎቱን ያፈጥናል፣ ወደ ሌላ ማዕድ ሲያልፍበት ያንቀራፍፋል። ቄሱን ራሱ አለኸኝ ሆነው። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ርእሰ መምህሩ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ታዩ።

ያልታሰበው ሳሉ ነው። ቄስ ኪዳነ ማርያም ጸሎት ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበት የራሳቸው አሳሳል አላቸው፤ አጠር አጠር አድርገው ይጀምሩና በረጅሙ ይዘጉታል። አለኸኝ ቄስ ሲሆን ያ ሳል ሳይጠራው መጣ። ሆዳሙን ቄስ አባቱን ሊያደርገው አላሰበም፤ ቄስ ሲባል በቅርብ የሚያውቀው ሌላ ስላልነበረ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከመቅደሱ በር ብቅ ብለው ጉሮሯቸውን ቢጠርጉ፣ ከወንዶቹ በኩል ጎረምሶች አፋቸውን በኩታቸው ይዘው ተንከተከቱ። እሳቸውም ምክንያቱን አጣርተው እስኪደርሱበት አላረፉም።

ቤት ሲመለሱ አልተቆጡም፣ ዱላም አላነሡ። ልጃቸውን ግቢው መሐል አቁመው፣ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በተረጋጋ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ጥምጣም ጠምጥመህ፣ መስቀል ጨብጠህ ሁለተኛ ሰው ፊት ብትጫወት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቼሃለሁ።"

ግዝት የዋዛ ነገር አይደለም። ቄስ በሥልጣኑ ሰውን ከአንድ ነገር ሲያስር፣ ያን የጣሰ ሰው ቁርባኑም ጠበሉም አይቀበለውም ተብሎ ይፈራል። የገዘተው ቄስ ራሱ ካልፈታው ደግሞ መፍትሔው ሩቅ ነው። በአገሩ በድንበር ሙግት ጎራዴ የተማዘዙ ሰዎች ሽማግሌውንም ፖሊሱንም አልሰማ ብለው፣ ግዝት ሲመጣ ጭጭ ይላሉ። አለኸኝም ጭጭ አለ። ፍቱኝ ብሎ እንዳይለምን ነገሩን ማንሳት ሊኖርበት ነው፤ ነገሩን ማንሳት ደግሞ ያን ሳል ማንሳት ነው። ስለዚህ ዋጥ አድርጎት ኖረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ እግሩ እንደመራው የሄደ ነው። መምህርነት ተምሮ አቀስታ ተመደበ። በዚያ ብርድ ተማሪዎቹን ጃኬት በጃኬት ላይ አስደርቦ የድራማ ክበብ አቋቋመ፤ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ የተናገሩትን የፍቅር ቃል ሰው ከልብ የመነጨ መስሎት ያጨበጭብላቸው ነበር። ከአቀስታ ደሴ ወረደና ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር ገጠመ። እዚያ ነው ራሕማን ያገኛት። የወረኢሉ ልጅ ናት፤ ፊት ለፊት ተናጋሪ፣ ቃሏን አንዴ ካነበበች የማትረሳ፣ ሌላው ሲረሳም ከጎን ሆና የምትሞላ። አለኸኝ የሚጽፈውን ሁሉ መጀመሪያ ለእሷ ያነብላታል፤ እሷም ያልጣማትን አልጣመኝም ትለዋለች። ሁለቱም በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። የሬዲዮ ድራማ ጻፈ፣ በቴሌቪዥን ታየ፣ ስሙ እየታወቀ መጣ። አገር ቤት ሲሄድ የአባቱን ጉልበት ይስማል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ይመረቃል። ስለ ሥራው እንዴት ነው ይሉታል፣ ይመስገን ይላል። ከዚያ ወዲያ ስለ ቴአትር በመካከላቸው ትንፍሽ የሚል የለም።

በውስጡ የታመቀው ግን መውጫ ፈለገና ተውኔት ሆነ። የሚገዝተው ሰው ለማለት ስሙን "ገዛቹ" አለው። ሁለት ጎረቤት መንደሮች በደም ይፈላለጋሉ፤ ቄሱ ታርቃችሁ እስክትመጡ ድረስ በመካከላችሁ ያለውን ወንዝ ማንም እንዳይሻገር ብለው ይገዝታሉ። ወንዙ ማዶ የተዳረች የገዛ ልጃቸው ምጥ ይዟት አባቴን ጥሩልኝ ስትል፣ ቄሱ በራሳቸው ቃል ታስረው ወንዙ ዳር ይቆማሉ። አለኸኝ ይህን ጽፎ ለራሕማ ሲያነብላት ድምፁ ተቆራረጠበት፤ እሷ ግን በጽሑፉ ማማር መሰላት። ቄሱን ንጉሡ የሚባል የኩታበር ተወላጅ፣ ግዙፍና ዝግ ያለ ተዋናይ ተጫወተው። ራሕማ የቄሱ ሚስት ሆነች። አለኸኝ ከተጣሉት ሰዎች አንዱ፣ በሁሉ የሚቆጣው ገበሬ ሆነ።

"ገዛቹ" የዓመቱ ምርጥ ተውኔት ተብሎ ተሸለመ፤ አለኸኝም በዚያ በቁጡ ገበሬው በትወና ሌላ ሽልማት ደረበ። ሽልማቱን ይዞ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም፣ ለሌሎች ስንት ቃል ያቀበለው ሰውዬ፣ አመሰግናለሁ ከማለት ሌላ አልወጣው አለ። በማግሥቱ እናቱ ወይዘሮ አልታዬ ደውለው ካለቀሱ በኋላ ስልኩን ለቄሱ ሰጧቸው። ምን ጽፈህ ነው የሸለሙህ አሉት። ስለ አንድ ቄስ ነው አለ። ደህና ቄስ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ደህና ቄስ ነው አባባ አለ። እንግዲያው አብሽር፣ እግዚአብሔር ይጨምርልህ ብለው ስልኩን መለሱ። አለኸኝ ያን ቀን ሙሉ የደህና ሰው ፊት ነበረው።

ቡድኑ ተውኔቱን ይዞ አገር ለአገር መዞር ሲጀምር መካነ ሰላም ላይ መድረሱ አልቀረም። እሑድ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ሊታይ በድምፅ ማጉያ ከተነገረ ሰንብቷል፤ በነጋታው ደግሞ ወረኢሉ ይጠበቃሉ። ንጉሡ ቤተሰቡን ሊያይ ኩታበር ቀርቶ ነበርና እሑድ በማለዳ ደወለ። አጎቱ አርፈዋል። ማንም ና ሊለው አይችልም፤ ሰው የአጎቱን ቀብር ትቶ ቴአትር ሊሠራ ቢመጣ ያ ሰው ሁለተኛ ኩታበርን አይረግጣትም። አለኸኝ እግዚአብሔር ያጽናህ አለው፤ ስልኩን ዘጋና ግድግዳውን ደግፎ ቆመ።

የቄሱን ቃል በሙሉ የሚያውቅ ሌላ ወንድ የለም፤ ከጻፈው በቀር። የቁጡውን ገበሬ አጫጭር ቃል የመብራት ሠራተኛው ሊወጣው ይችላል። ሁሉም ተስማሙና አለኸኝን ተመለከቱት። እሱ ወጣ ብሎ እናቱ ጋ ደወለ፤ አባባ የት ናቸው አለ። ለንግሥ ሌላ ደብር ሄደዋል፣ ስልክ መች ይዘው ያውቃሉ፣ ከሰዓት ሳይመለሱ አይቀሩም አሉት። እናቱ ራሳቸው ግን ነጭ በነጭ ለብሰው ጎረቤታቸውን እማማ የሺእመቤትን ይዘው ወደ አዳራሹ ሊነሡ ነው። ስለ ግዝቱ ወይዘሮ አልታዬ እንኳ አያውቁም።

አዳራሹ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ ሞላ። ከገጠር በእግር የመጣ አለ፤ ከመስጊድ ሶላት ሰግዶ የመጣ አለ፤ ተማሪዎች መስኮት ላይ ተሰቅለዋል። አለኸኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጥምጣሙን በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል። ራሕማ ምን ነካህ አለችው። ያኔ ከሳሉ ጀምሮ እስከ ግዝቱ ሁሉንም ዘረገፈላት፤ ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው።

"ወላሂ እኔ ጥምጣሙን ብጠመጥመው ሰዉ በድንጋይ ያባርረኛል እንጂ አደርገው ነበር" አለችው። "ግዝቱም የአባትህ ነው፣ ቴአትሩም የአባትህ ነው። እሳቸው ሳይፈርዱብህ አንተ በራስህ አትፍረድ። አብሽር፣ ግባ።"

ጠመጠመው። እጁ ያለ መስተዋት ሠራው፤ ልጅ ሆኖ አባቱ ሲጠመጥሙ ዘወትር ያይ ነበርና። ደሴ አናጢ የሠራውን የእንጨት መስቀል ጨበጠ፤ በልቡም ማርያምን ይቅር በይኝ ብሎ ወጣ። ድምፁ ሲወጣ የአባቱ ድምፅ ነበር፤ እንደ ልጅነቱ ለማሳቅ ሳይሆን፣ ሌሊት ተነሥተው ውርጩን ረግጠው ለቅዳሴ የሚወርዱት የሰውየው ድምፅ። ሕዝቡም አወቀው። በሚያስቀው ቦታ ሳቁ፣ ግን የሚያውቁትን ሰው ያገኙ ሰዎች ሳቅ ነበር። ቄሱ ወንዙ ዳር ቆመው የልጃቸውን ጩኸት ሲሰሙ፣ አለኸኝ ማልቀሱ አልታወቀውም። ያለቀሰው ለቴአትሩ አልነበረም።

ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። መድረኩ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ወንዝ ሆኖ ተዘርግቷል። ቄሱ ቃላቸውን መልሰው ሕዝቡን ሊፈቱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው "የታሰረ ሁሉ ይቅረብ" ይላሉ፤ የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ይመጣሉ። አዲስ አበባ እዚህ ላይ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ሽልማቱን ያመጣውም ይህ ጸጥታ ነው ይባላል። አለኸኝም መስቀሉን አነሣ፣ የታሰረ ሁሉ ይቅረብ አለ።

መካነ ሰላም ግን ቅረቡ ሲባል ይቀርባል። እማማ የሺእመቤት ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው የመድረኩን ደረጃ እየተነፈሱ ወጡ፤ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሌሎች ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ተከተሉ። የተጣሉትን ሰዎች የሚጫወቱት ተዋንያን ቦታ አጥተው ዳር ቀሩ። አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ይፍቱኝ አባቴ አሉ።

አለኸኝ ለተዋናይ የሚለው ቃል ነበረው፤ ለእማማ የሺእመቤት ግን ምን ይበል? ክህነት የለውም። እግዚአብሔር ይፍታሽ ቢል፣ ግዝት ከማፍረስ አልፎ ያልተሰጠውን ሥልጣን መንጠቁ ነው። ዝም ቢል ሴትዮዋን በአገር ፊት ማዋረዱ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው እማማ፣ እኔ አለኸኝ ነኝ፣ የአልታዬ ልጅ፣ ይሄ ቴአትር ነው አላቸው።

"አውቄሃለሁ" አሉ አሮጊቷ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። "አንተን መች አልሁህ፤ መስቀሉን ነው።"

መስቀሉ ደግሞ አልተባረከም፤ የደሴ አናጢ ሥራ ነው። አለኸኝ እጁን ቀስ ብሎ አወረደው። ይሄን ጊዜ ከአዳራሹ በር በኩል አጠር አጠር ያለ ሳል ተሰማና በረጅሙ ተዘጋ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ከንግሡ እንደ ተመለሱ፣ ጫማቸው አቧራ እንደ ለበሰ ቆመዋል፤ መቼ እንደ ገቡ ያየ የለም። በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያሉ መጡ። ሕዝቡ እየተነሣ አሳለፋቸው። አለኸኝ ጥምጣሙን ሊያወልቅ እጁን ሰደደ፤ እሳቸው ግን በዓይናቸው ተው አሉት። መድረክ ላይ ወጥተው፣ የራሳቸውን መስቀል ከኪሳቸው አውጥተው፣ እማማ የሺእመቤትን ግንባራቸውንም ከንፈራቸውንም አሳለሙና እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉ። የተሰለፈውንም አንድ በአንድ አሳልመው ጨረሱ። እልልታ ሆነ፤ ግማሹ ሰው ይሄም የተጻፈ መስሎት ነበር።

አሁን ቴአትሩን ማን ይጨርሰው? ሁለት ቄስ መድረክ ላይ ቆሟል፤ አንዱ ቀጥሎ የሚለው ጠፍቶበታል። ራሕማ ነች የደረሰችለት። የቄሱ ሚስት እንደ ሆነች ወደ ሁለቱም ዞራ፣ ልጅቱ ማዶ በምጥ ላይ ናት፣ እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ተሻገሩ እንጂ አለች። አለኸኝ ተራመደ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ጨርቁን ተመለከቱ፣ ሚስቲቱን ተመለከቱ፤ ከዚያ ውኃ እንዳይነካው ቀሚሳቸውን በእጃቸው ሰብስበው ከፍ አድርገው፣ እግራቸውን እየመረጡ ተሻገሩ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ አንድ ላይ ፈነዳ። ሳቁ ሲመጣ አለኸኝ በድንጋጤ የአባቱን ፊት አየ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ነበር፤ እንዲያውም ማዶ ደርሰው ቀሚሳቸውን አራገፉት።

ሰው ከተበተነ በኋላ አባትና ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ የመብራት ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ራሕማ ውኃ አምጥታ ሰጠቻቸውና ዘወር አለች። አለኸኝ ጥምጣሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከብዙ ዓመት በኋላ አፉን ከፈተ።

"አባባ፣ የጥምጣሙን ግዝት ዛሬ አፍርሻለሁ። ይፍቱኝ።"

"የቱን ግዝት?" አሉ።

ነገራቸው። የወላጆች በዓሉን፣ ሳሉን፣ ጎረምሶቹን፣ ግቢው መሐል የተናገሩትን። ቄሱ ግንባራቸውን ቋጥረው ሲያስቡ ቆዩና መጣላቸው።

"እሱንማ በሳምንቱ ፈታሁት እኮ። ከልጄ ተኳርፌ ምን ብዬ መቅደስ እገባለሁ?"

"አልነገሩኝም አባባ።"

"እንዴት አልነገርሁህ? መስቀል ልትሳለም መጥተህ ይፍቱኝ አልኸኝ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ አልሁህ። ከዚያ ወዲህስ በመጣህ ቁጥር ስንቴ አልሁህ? ሌላ ምን ልበልህ ኖሯል?"

አለኸኝ፣ ለዚህ ሁሉ ዓመት ቃል እየመዘነ እንጀራ የበላ ሰው፣ ይቺን አንዲት ቃል ደህና ዋልህ እንደ ማለት ቆጥሮ ሲያሳልፋት ኖሯል። የመለሳቸው ጽሑፎች፣ የኩራቱ ሐሜት፣ ማታ ማታ የፈራው ፍርሃት፣ ሁሉም በአየር ላይ የታሰረ ገመድ ኖሯል። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በጥምጣሙ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ልጃቸው ለምን እንደሚያለቅስ በደንብ አልገባቸውም፤ ጀርባውን እየደባበሱ አብሽር፣ አብሽር አሉት።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ንጉሡ ነው። ቀብሩ ተፈጽሟል፣ ሰው ቅር ቢለውም ሌሊቱን ተነሥቼ ለወረኢሉው እደርሳለሁ፣ አታስቡ አለ።

"ተቀመጥ፣ ለቅሶህን ጨርስ" አለው አለኸኝ። "ቄሱን እኔ እሆናለሁ።"